ናሙናዬ የት ደረሰ?

ሀዋሳ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለ፦ ቀዶ ሕክምና ላደረገልኝ ሆስፒታል አስተዳደር
ለ፦ ናሙናዬን ለተረከበው ላቦራቶሪ
ለ፦ የታካሚ ውጤት በእጁ ለሚያልፍ ሁሉ

ጉዳዩ፦ የፓቶሎጂ (በቀዶ ሕክምና የወጣ ሥጋ ምርመራ) ውጤት ስለመጠየቅ

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

የ28 ዓመት ሴት ነኝ። ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሸሚዝ በሚሰፋ ፋብሪካ የአንድ መስመር ሱፐርቫይዘር ሆኜ እሠራለሁ። ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ የግራ ጡቴ ከብብቴ ንፍፊቶች ጋር በቀዶ ሕክምና ወጣ። «ውጤቱ በ2 ሳምንት ይደርሳል» ተባልኩ። ዛሬ 51ኛ ቀኔ ነው። በመሃል ጳጉሜን አልፋለች፣ ዓመቱ ተለውጧል፣ ደመራው ተለኩሶ አመዱም ተነስቷል። ከቁስሉ ፈሳሽ የሚያወጣው ቱቦ፣ ድሬኑ፣ ወጥቶልኛል፣ ስፌቱም ደርቋል። ውጤቱ ግን አልመጣም።

የሆስፒታሉንም የላቦራቶሪውንም ስም ያልጻፍኩት ፈርቼ አይደለም። የመጀመሪያዋን ሌሊት እጄን ይዛ ያደረችው ሲስተርም የዚያው ቤት ሰው ናት፤ እሷን ከሌላው ጋር ደርቤ ማሳጣት አልፈልግም። ደግሞም ተመላላሽ ክፍል አግዳሚው ላይ አብረውኝ ከሚቀመጡት እንደሰማሁት ነገሩ የእኔ ብቻ፣ የአንድ ቤትም ብቻ አይደለም። አንዷ ከሶዶ፣ አንዷ ከዲላ፣ አንዷ ከይርጋለም ትመጣለች። ሕመማችን ይለያያል፣ ጥያቄያችን ግን አንድ ነው፤ ናሙናዬ የት ደረሰ?

ከባልዲው ልጀምር።

ኦፕራሲዮኑ በተደረገ በማግስቱ፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ታላቅ እህቴን ጠርተው አንድ ነጭ የፕላስቲክ ባልዲ ሰጧት። ቀለም የሚሸጥበት ዓይነት ነው፤ ክዳኑ ዙሪያውን በፕላስተር ታሽጓል። «እዚህ የሚያነብልን ስለሌለ አዲስ አበባ አድርሺው» አሏት። አድራሻውም በቁራጭ ወረቀት ተጻፈላት። እህቴ ለገበያ በምትይዘው ዘንቢል ውስጥ ከተተችው፣ ላዩ ላይ ነጠላ ጣል አደረገችበት፣ ሐሙስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መናኸሪያ ደረሰች።

ረዳቱ «እሱን ላይ እንጫነው» አላት። «አይሆንም፣ ይፈሳል» አለችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ከሀዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሻሸመኔን እንዳለፉ አጠገቧ የተቀመጡ አንድ እናት «ቅቤ ነው የኔ ልጅ?» አሏት። ምን ትበል? «አዎ እማማ፣ ቅቤ ነው» አለች። «የት ገዛሽው? ኪሎውን ስንት አሉሽ?» ቀጠሉ። ዋጋ ፈጥራ ነገረቻቸው። ትንሽ ቆይተው መስኮቱን ከፈት አደረጉና «እንደው አትቀየሚኝና፣ ቅቤሽ ሳይበላሽ አልቀረም፤ ዓይኔን አቃጠለኝ» አሏት። ሥጋው እንዳይበላሽ የተዘፈዘፈበት ፈሳሽ፣ ፎርማሊኑ ነው። ዝዋይ ላይ ሰው ሁሉ ለቁርስ ሲወርድ እህቴ ባልዲዋን ታቅፋ መኪና ውስጥ ቀረች። ይዛው እንዳትወርድ ሽታው፣ ትታው እንዳትወርድ ሌባው አስፈራት።

ይህንን ስትነግረኝ ሁለታችንም ሳቅን። ስፌቴ እስኪያመኝ ነው የሳቅኩት። ከዚያ እሷ ወደ ጓዳ ገባችና ረጅም ጊዜ አልወጣችም።

ባልዲው ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው ስሜና «ጡት» የሚል ቃል ብቻ ነበር። ግራ ይሁን ቀኝ አልተጻፈም። ከሰውነቴ የወጣበት ሰዓት የለም፣ ፎርማሊን ውስጥ የገባበት ሰዓትም የለም። ያኔ ይህ ምን ለውጥ እንደሚያመጣ አላውቅም ነበር። ኋላ ላይ ላቦራቶሪ የሚሠራ የሰፈራችን ልጅ ቁጭ ብሎ አስረዳኝና እንቅልፍ አጣሁ። ሥጋው ከወጣ በ1 ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን ውስጥ መግባት አለበት። ፎርማሊኑ 10 በመቶ ሆኖ የተበጠበጠ፣ መጠኑም ከሥጋው 10 እጥፍ ገደማ መሆን አለበት። ፈሳሹ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ እንደ ጡት ያለ ትልቅ ነገር ሳይሰነጠቅ ከተዘፈዘፈ ላዩ ደህና ሆኖ ውስጡ ይበላሻል። ለሆርሞን ምርመራ እንዲሆን ደግሞ ፎርማሊን ውስጥ ከ6 ሰዓት ማነስ፣ ከ72 ሰዓት መብለጥ የለበትም። የእኔ ስንት ሰዓት ቆየ? ማክሰኞ ጠዋት ወጣ፣ ሐሙስ ከሰዓት ላቦራቶሪው ተረከበው፣ መቼ እንደተከፈተ የሚነግረኝ የለም። እህቴን «ሰዓት አለው» ያላት ሰው ቢኖር ኖሮ ረቡዕ ማታውኑ መኪና ተኮናትራ ትሄድ ነበር። ያላት የለም። «አድርሺው» ብቻ ነው የተባለችው፣ አደረሰችው።

የሚገርመኝ ደግሞ ናሙና ማጓጓዝ ለአገራችን አዲስ ነገር አለመሆኑ ነው። የቲቢና የኤችአይቪ ምርመራ ናሙና በኢትዮጵያ ፖስታ አማካይነት ከጤና ተቋም ወደ ላቦራቶሪ ሲላክ ኖሯል። አክታ በፖስታ ይሄዳል፤ ጡት ግን በእህት ጭን ላይ።

መጠበቅን አልጠላሁም። ሥራው ጊዜ እንደሚፈጅ አሁን አውቃለሁ። የላቦራቶሪው ሐኪም ናሙናውን ይለካል፣ ጠርዙን ቀለም ይቀባል፤ ካንሰሩ እስከ ጠርዙ መድረስ አለመድረሱ ኋላ የሚለየው በዚያ ቀለም ነው። ከብብት ስብ ውስጥ ንፍፊቶቹን በጣቱ እየዳበሰ አንድ በአንድ ይለቅማል፤ ቢያንስ 10 ቢያገኝ ይመርጣል። የተመረጡት ቁራጮች ማሽን ውስጥ ያድራሉ፣ ውሃቸው በአልኮል ይወጣል፣ ከዚያ በቀለጠ ሰም ውስጥ ይቀበራሉ። ሰሙ ሲረጋ ብሎክ ይሉታል። ብሎኩ ከ3 እስከ 5 ማይክሮን ውፍረት እየተደረገ ይከረከማል፤ እኛ ፋብሪካ ያለው ስስ የተባለው ጨርቅ ከዚያ ጋር ሲተያይ ጋቢ ነው። ሮዝና ሐምራዊ ቀለም ከተነከረ በኋላ ነው የሐኪሙ ዓይን የሚያርፍበት። ይህ ሁሉ ቀናት ይወስዳል። አንባቢው ሐኪም ደግሞ በአገራችን ጥቂት ነው፣ ያለውም በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው፣ ጠረጴዛው ላይ የስንቱ ስላይድ ተከምሯል። ስለዚህ 2 ሳምንቱ 3፣ 3ቱም 4 ቢሆን ኡኡ የምል ሰው አይደለሁም።

ኡኡ ያሰኘኝ ምልልሱ ነው። ጳጉሜን 4፣ በተቀጠርኩበት ቀን ሄድኩ። «አልደረሰም፤ በዓሉ ይለፍና ነይ።» መስከረም 8 ላቦራቶሪው ጋ ደወልን።

«ልከናል» አሉ።

«ለማን?»

«ለሐኪሟ።»

«በምን?»

«በቴሌግራም።»

ሆስፒታል ስሄድ ሐኪሙ ፈቃድ ላይ ናቸው። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ «በቴሌግራም የመጣ ካርድ ውስጥ አይገባም፣ ማህተም ያለው ወረቀት ያስፈልጋል» አለችኝ። ልክ ናት። ላቦራቶሪውን «እንግዲያው ወረቀቱን ለእኔ ስጡኝ» አልኩ። «ለታካሚ አንሰጥም፣ ለሐኪም ነው» አሉ። እነሱም ደንባቸው ነው። መስከረም 15 «ሲስተም የለም።» መስከረም 27 ሌላ ሰው ስልኩን አነሳና፣ ብሎኩ ተጨማሪ ቀለም እንደሚያስፈልገው፣ ክፍያው እንዳልተፈጸመ፣ ደጋግመው ቢደውሉም ስልኩ እንዳልሠራ ነገረን። እህቴ የተሰጣትን ደረሰኝ አውጥታ አየች። ስልክ ቁጥሯ ከ10 አኃዝ 9ኙ ብቻ ነው የተጻፈው። ክፍያውን በዚያው ሰዓት በቴሌብር ላክን። ከዚያ ወዲህ መልሱ «ሪኤጀንት እየተጠበቀ ነው» ሆኗል፤ ለምርመራው የሚያስፈልገውን ኬሚካል ማለታቸው ነው። በዚያች በጎደለች አንድ አኃዝ ስንት ቀን እንደተቀመጥኩ እግዜር ይወቀው። የመጀመሪያው ሪፖርት ደግሞ እስከ አሁን በአንድ ሰው ስልክ ውስጥ፣ ከሠርግና ከልደት ፎቶ መሃል አለ ማለት ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የዋሸኝ የለም፣ ያመናጨቀኝም የለም። ሁሉም የያዘውን ቁራጭ ነግሮኛል። ቁራጮቹን ገጥሞ የሚሰፋው ሰው ነው የጠፋው።

ስለ ሥራዬ ትንሽ ላውራችሁ፤ ለነገሩ ይጠቅማል። እኛ ጋ ጨርቅ ከመቁረጫ ክፍል ሲወጣ ይታሰራል፣ ባንድል እንለዋለን። እያንዳንዱ ባንድል ቲኬት አለው፤ የትዕዛዝ ቁጥር፣ ሳይዝ፣ ስንት ፍሬ እንደያዘ ይጻፍበታል። ከኮሌታ ሰፊዋ ወደ እጅጌ ሰፊዋ ሲያልፍ ማን እንዳስረከበና ማን እንደተረከበ ይታወቃል። ባለፈው ዓመት አንድ ኮሌታ ጠፋ። አንድ ብቻ። መስመሩን አስቁሜ፣ ቲኬቱን ተከትዬ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ካውያ ከምትተኩሰው ልጅ ጠረጴዛ ሥር አገኘሁት። ገዢው የት አገር እንዳለ የማላውቀው፣ ማንም ገና ያልለበሰው ሸሚዝ ነው። ሰውን ከሸሚዝ ጋር አላወዳድርም። ለሸሚዝ የሚደረገው ለሰው ይደረግ ማለት ግን ብዙ መጠየቅ አይመስለኝም። ናሙናዬ ከኦፕራሲዮን ክፍል ሲወጣ አንድ ቁጥር ቢሰጠው፣ ያው ቁጥር እኔም እጅ ላይ ቢኖር፣ የተረከበው ሁሉ ሰዓት ጽፎ ቢፈርምበት፣ ስደውል «ቁጥርሽ ስንት ነው?» ተብዬ «ብሎክ ሆኗል፣ ሐኪም ጋ ነው፣ ሪኤጀንት ይጠብቃል» ብባል፣ እጠብቃለሁ። 10 ሳምንትም ቢሆን እጠብቃለሁ ልል ነበር፤ ግን አልችልም። ለምን እንደማልችል ልንገራችሁ።

የምጠብቀው ወረቀት «አለባት» ወይም «የለባትም» የሚል ብቻ ለሚመስላቸው ይህንን እጨምራለሁ። እንዳለብኝማ በመርፌው ምርመራ ሐምሌ ላይ ታውቋል። ወረቀቱ የሚናገረው ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚፈጥን፣ ስንት ንፍፊት ውስጥ እንደገባ ነው። «ተጨማሪ ቀለም» የተባለው ደግሞ መድኃኒቱን ይመርጣል። ከሴሎቹ 1 በመቶ ያህሉ እንኳ ኢስትሮጅን ለሚባለው የሴት ሆርሞን ከቀለሙ ታሞክሲፈን የሚባለው ክኒን አለልኝ፤ በየቀኑ እየተዋጠ 5 ዓመት፣ አንዳንዴም 10 ዓመት ይቆያል። ኸር-ቱ የሚባለው ሌላው ምርመራ ደግሞ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጠዋል። 3 ከሆነ የራሱ መድኃኒት አለው፣ 2 ከሆነ ቁርጥ ስለማይታወቅ ሌላ ምርመራ ይጨመራል። ሁሉም ባዶ ከሆኑ ኬሞው፣ የካንሰር ሴሎችን የሚገድለው መድኃኒት፣ ነው ዋናው መንገድ። እኔ ታዲያ በየሌሊቱ ሁሉንም ታክሜ አድራለሁ። ሰኞ ክኒኑን እውጣለሁ፣ ማክሰኞ ፀጉሬ ይረግፋል፣ ረቡዕ መድኃኒቱ ከአገር ጠፍቷል ይሉኛል። ጠዋት ስነቃ አንዱንም አልጀመርኩም።

በካሊፎርኒያ ታካሚዎች መዝገብ ላይ የተሠራ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ኬሞ ሳይጀመር 90 ቀን ካለፈ የመኖር ዕድል እንደሚቀንስ፣ ከሁሉም የሚጎዱት ደግሞ ቀለሙ ሁሉ ባዶ የሆነባቸው መሆናቸውን አሳይቷል። የእኔ 90ኛ ቀን ኅዳር 15 ነው። የነቢያት ጾም የሚገባበት ቀን። ስልኬ ላይ ቀይ አድርጌ ምልክት አድርጌበታለሁ፤ 39 ቀን ቀርቶታል። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው የጡት ካንሰር ማዕቀፍ አንዲት ሴት ጤና ተቋም ከሄደችበት ቀን አንስቶ በ60 ቀን ውስጥ ምርመራዋ ተጠናቅቆ ቁርጧን ማወቅ አለባት ይላል። እኔ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ የሄድኩት ሚያዝያ ውስጥ ነው።

ሚያዝያ ላይ እብጠቱ አተር ያህል ነበር። ገላዬን ስታጠብ ነው ያገኘሁት። «ዕድሜሽ ገና ነው፤ የወር አበባ ሲመጣ የሚያብጥ ነገር ነው» ተብዬ ቪታሚን ታዘዘልኝ። ደስ ብሎኝ ነው የወጣሁት፣ አልዋሽም። ሰኔ ላይ ሎሚ አክሎ ነበር። የጡት ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከካንሰር ሁሉ ቀዳሚው መሆኑን፣ ከፈረንጅ አገር ጋር ሲተያይ ብዙዎቻችንን በወጣትነታችን እንደሚያገኘን የዚያን ቀን የሚነግረኝ አላገኘሁም። ሰሞኑን ደግሞ ወሩ የጡት ካንሰር ወር ነው ተብሎ ሮዝ ሪባን በየቦታው አያለሁ። «ቶሎ ተመርመሩ» ይላል። ደግ ነው። ከዚያስ? ተመርምረን፣ ታውቆ፣ ተቆርጦ፣ በባልዲ ሄዶ፣ ከዚያስ?

አሁን ደግሞ ስለ አነጋገራችሁ። ሐምሌ ላይ የመርፌው ውጤት ሲመጣ የነገራችሁት ለወንድሜ ነው። እኔን «አንቺ ውጪ ጠብቂ» ብላችሁ እሱን አስገባችሁት። 9 ቀን ሙሉ ደበቀኝ። ያጋለጠው ደግነቱ ነው። በዕድሜው ሻይ አፍልቶ የማያውቅ ሰው አንድ ጠዋት እንቁላል ጠብሶ አልጋዬ ድረስ አመጣልኝ። «ምን አለኝ?» አልኩት። ሰሃኑን እንደያዘ አለቀሰ።

እናንተም እሱም ክፉ አላሰባችሁም። የእኛ ሰው መርዶ የሚነግረው እንዲህ ነው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማለዳ ላይ፣ ከባለቤቱ በቀር ሌላው ሁሉ አውቆ። ግን መርዶ ያለቀ ነገር ነው። የሞተው ሞቷል፤ ዛሬ ቢሰማ ነገ ቢሰማ አይመለስም። የእኔ ነገር አላለቀም። እነዚያ 9 ቀናት ወረፋ የምይዝባቸው ቀናት ነበሩ።

ይህ ልማድ ምን እንዳደረገኝ ላሳያችሁ። ከመስከረም ወዲህ ማለዳ በር ሲንኳኳ ልቤ ይወርዳል። ባለፈው ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት አክስቴ ከይርጋለም መጣች። በሩን ስከፍት ፊቷን ከማየቴ በፊት ዓይኔ ነጠላዋ ላይ ነበር። ዘቅዝቃ ለብሳ ይሆን ብዬ ጥለቱን ፈለግኩ። ጥለቱ በቦታው ነው። ቆጮና ወተት ይዛ፣ የመጀመሪያው መኪና ቀንቷት ነው በማለዳ የደረሰችው። እኔ ግን እዚያው ደፉ ላይ ቁጭ አልኩ፣ ለመነሳትም ጊዜ ፈጀብኝ። «ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ?» ስትለኝ መልስ አልነበረኝም። ወተት ይዛ በመጣች አክስት ያለቀሰ ሰው ምን ብሎ ያስረዳል?

ስለዚህ ውጤቴ ሲመጣ ለእኔ ንገሩኝ። ወንድሜ አጠገቤ ይቀመጥ፣ እጄን ይያዝ፤ ጆሮው ግን ከእኔ ጆሮ አይቅደም። የኦፕራሲዮኑን ፈቃድ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ስትቆርጡ በእኔ ፊርማ፣ ስትነግሩ ለወንድሜ፣ ይህ እንዴት ይሆናል?

ለመጻፍ ሁለት ቀን ያመነታሁበት ነገር ቀርቷል። ለጥር ሽማግሌ ይላካል ተብሎ ነበር። ልጁ አልሸሸም። በየእሁዱ ይመጣል፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያው፣ አሞራ ገደል ድረስ በእግር እንሄዳለን፣ ዓሣ ይገዛልኛል፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ አንገታቸውን ሰብረው ትርፍራፊ ሲጠብቁ እያየን እንስቃለን። (እነሱ እንኳ ጀልባው የሚመለስበትን ሰዓት ያውቃሉ።) ሌላውን ሁሉ እናወራለን፣ አንዱን ነገር ግን ሁለታችንም እንዘለዋለን። ኬሞ ልጅ መውለድን ሊያስቸግር እንደሚችል፣ ታሞክሲፈን እየወሰዱ ማርገዝ እንደማይገባ ያነበብኩት ከስልኬ ነው። ከእናንተ አንድ ሰው አንድ ቃል አልነገረኝም። ያላገባች ናት፣ ነውር ነው ብላችሁ ይሆናል፤ ወይም ነፍሷ ከተረፈች ምን ጎደላት ብላችሁ። ግን ይህ ጥያቄ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ካልተነሳ በኋላ ቢነሳ ዋጋ የለውም። እንዳያያዛችሁ ከሆነ ውጤቱ ኅዳር አጋማሽ ላይ ዱብ ይልና «ነገውኑ ጀምሪ» ትሉኛላችሁ። የማሰቢያ ቀኖቼን ነው እየበላችሁ ያላችሁት። የሚያስረዳኝ ሰው ዛሬ ስጡኝ። ለዚህ ማህተምም ሪኤጀንትም አያስፈልግም።

ከናሙናው ቁጥር ሌላ የምለምነው እዚህ ግባ የሚባል ነገር አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን፣ አንድ የታወቀ ሰው፣ አንድ የታወቀ ስልክ። መልሱ «ገና ነው» ቢሆንም «ገና ነው፣ እዚህ ደርሷል፣ ረቡዕ ደውዪ» የሚል ይሁን። «ሲመጣ ትጠሪያለሽ» የሚለውን ቃል ተዉልን። ከዲላ የምትመጣዋ እናት «ሲመጣ ትጠሪያለሽ» ተብላ አልተጠራችም። በ3ኛ ወሯ ራሷ መጥታ ስትጠይቅ ውጤቷ መሳቢያ ውስጥ ነበር። የእሷን ታሪክ እዚሁ ልተወው፤ የእሷ ነው።

ሰኞ ወደ ሥራ ተመለስኩ። የግራ እጄ ገና በደንብ አይነሳም፤ ልጆቹ ከባድ ነገር አያስነኩኝም። ከፋብሪካ ቁርጥራጭ ትንሽ ከረጢት ሰፍቼ ዳጉሳ ሞልቼበታለሁ፣ በባልኮኒ ሚዛን አስመዝኜ። ባለሱቁ «የምን ዳጉሳ ነው እንዲህ በጥንቃቄ?» አለኝ፤ «የዘር ነው» አልኩት። ጡት ማስያዣዬ ውስጥ ሳስገባው ከቀኙ አይለይም፤ ሙያዬ ነውና በስፌቱ አላፍርም።

መስመሩ ላይ ማሽኖቹ ሁሉ ሲጮሁ የስልክ ጥሪ አይሰማም። ስለዚህ ንዝረት ላይ አድርጌ በግራ የደረት ኪሴ እይዘዋለሁ፣ ዳጉሳው ላይ ያርፋል። ሲንቀጠቀጥ ፍሬዎቹ ይነቃነቃሉ፣ አውቀዋለሁ። ቁጥሬ ካርዴ ላይ አለ። 10 አኃዝ ነው፤ ቆጥራችሁ ደውሉ።

ከሰላምታ ጋር
የናሙናው ባለቤት፣ ግራ ጡት

ግልባጭ፦
በሚኒባሱ ከእህቴ አጠገብ ለተቀመጡት እናት። ቅቤ አልነበረም፤ ይቅርታ እማማ።